ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆኖ የቤት ቆሻሻ መቀነስ የቻለ ሰው አለ?

የጀሞዋ
ሰላም ለሁላችሁ። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና አማቴ። ግቢ የለንም፣ ያለችን አንዲት ጠባብ በረንዳ ናት። ቆሻሻው አማሮኛል። ማዳበሪያው ወዲያው ይሞላል፣ የሚሰበስቡት ልጆች ደግሞ በተለይ ክረምት ላይ ይዘገያሉ፣ ከዚያ ሽታውና ዝንቡ አያስቀምጥም። ይዤ ስወርድ ደረጃው ላይ እየተንጠባጠበ ከጎረቤት ሊያጣላኝ ነው። ፌስታሉማ ሌላ ጉድ ነው፤ ከፍሪጅ ጀርባም ከአልጋ ስርም ፌስታል አለ። ኢንተርኔት ላይ የማየው ምክር ሁሉ ውድ ብልቃጥና የቀርከሃ ማንኪያ ግዙ የሚል ነው። እኔ የምፈልገው በእኛ ምግብና በእኛ ኑሮ የሚሰራ፣ ብር የማያስወጣ ነገር ነው። ከምን ልጀምር?

ባለ ባልዲው
ከእርጥቡ ጀምሪ፣ ሌላውን ለጊዜው ተዪው። የሚሸተውም የሚንጠባጠበውም የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የተረፈ ምግብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው። እሱን ለይተሽ ካወጣሽ የቀረው አብዛኛው ደረቅ ስለሆነ፣ ሰብሳቢዎቹ ቢዘገዩም ብዙም አይረብሽም።

ልጣጩን ባልዲ ውስጥ አብስብሶ አፈር የማድረጉ አሰራር ቀላል ነው። ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ በደንብ አጥበሽ ጎኑንና ስሩን በጋለ ሚስማር ብሺው፣ ከስሩ አሮጌ ትሪ አድርጊ። እንጨት ቤት ሄደሽ ሰጋቱራ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ውሰዱልን ነው የሚሉት። የቺፑድ ወይም የኤምዲኤፍ ዱቄት ግን እንዳይሆን፣ ሙጫ አለበት። ልጣጩን ከተፍ ከተፍ አድርገሽ በጨመርሽ ቁጥር እስኪሸፈን ድረስ ሰጋቱራ አልብሺው፣ በየጥቂት ቀኑ አገላብጪው። ከሸተተሽ እርጥበቱ በዝቷል ማለት ነው፣ ሰጋቱራ ጨምሪ። ከደረቀ ውሃ እርጨት አድርጊበት። የቡና አተላና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይስማማዋል። ስጋ፣ አጥንት፣ ዘይት የበዛበት ወጥ አይግባ፣ አይጥ ይጠራል። ባልዲው ሲሞላ ሌላ ጀምሪና የመጀመሪያውን ለጥቂት ወራት ተዪው። አፈር አፈር ሲሸት ደርሷል። ጤና አዳም ትከዪበት።

እማማ ዘንቢል
ልጄ፣ እኔ ደግሞ ባልዲ ከመግባቱ በፊት ለምን ይተርፋል እላለሁ። እንጀራ ሳይሻግት በፊት በስፌድ ላይ አድርቂው፣ ድርቆሽ ሆኖ ስንት ቀን ፍርፍር ይወጣዋል። ከሻገተ ወዲያ ግን ሻጋታውን ቆርጦ መብላት የለም፤ አንዳንዱ ሰው ያደርገዋል፣ እኔ አልወደውም። የጥብስ ዘይት ሲንክ ውስጥ አትድፊ፣ ቱቦው ውስጥ ረግቶ የታችኛው ፎቅ ላይ ነው የሚገነፍለው። ለገበያ ዘንቢል፣ ለእህልና ለበርበሬ የጨርቅ ከረጢት ይዘሽ ሂጂ። ባለሱቁ መጀመሪያ ይስቅብሻል፣ ኋላ ይለምደዋል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። ከሰል በፌስታል ማቀጣጠል! በየበረንዳው አያለሁ፣ ፌስታሉን ለኩሰው ከሰሉ ላይ ያንጠባጥቡታል፣ ያ ጥቁር ጭስ ቀጥታ ልጆቹ አፍንጫ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ከዚያ በዚያው ፍም ቡና ይፈላል። መርዝ ነው። ጭራሮ ይበቃል። የተያያዘውንም ከሰል በር ዘግታችሁ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፣ ጭሱ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ስንቱን ተኝቶ አስቀርቷል።

ምን ዋጋ አለው
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን እኛ ብንለይ ጋሪው ላይ ሲደርስ ሁሉም አንድ ላይ አይደል እንዴ የሚከመረው? የሚሄደው ቆሼ ነው። ፌስታልስ ቢሆን? ቀጭኑ ከ1999 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ ክልክል ነው፤ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ አይመረትም አይገባም ተብሎ ነበር። ገበያው የሰማ አይመስልም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ሌላ አዋጅ አወጣ። ኬንያ በ2017፣ ሩዋንዳ በ2008 አግደው (በፈረንጆቹ ነው የምለው) ጨረሱ፣ እኛ ገና ዘንቢል እንወያያለን።

ባለ ባልዲው
@ምን ዋጋ አለው ወንድሜ፣ የቆሼን ነገር ካነሳህ፣ መጋቢት 2009 ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የሞተው እዚያ ነው፤ አብዛኞቹ በቤታቸው የነበሩ ምስኪኖች። ያ ክምር የማንም አይደለም፣ ከየወጥ ቤታችን የወጣ ነው። ልጣጭ አየር በማያገኝበት ሲቀበር ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ሚቴን ደግሞ በእሳት ይያያዛል። ባልዲ ውስጥ የቀረው ግን ጋሪም ላይ አይወጣም፣ ቆሼም አይሄድም። ስለዚህ ጋሪው ቀላቀለ አልቀላቀለ እሱን አይመለከተውም። ደረቁን ለቆራሌው ስጡ። ሃይላንድ፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ሳፋ ይወስዳል። የእሱን ያህል ለይቶ የሚሰበስብ ማን አለ?

ፍራንክፈርት ያለሁት
እዚህ ጀርመን ሃይላንድ ስትገዛ 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ ትከፍላለህ፣ ስትመልስ ማሽኑ ይመልስልሃል። ሰው መንገድ ላይ የሚጥለው ብዙም የለም፣ የጣለውንም ሌላው አንስቶ ይመልሳል። የሚገርመው ግን እኛ አገር ይሄ ነገር ድሮም ነበረ፣ አሁንም አለ። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ያለ መያዣ ማን ይሰጥሃል? ሳጥኑም እኮ ይመለሳል። ስለዚህ የጀሞዋ፣ ለእንግዳ የጠርሙስ ለስላሳ ግዢ፣ ከፕላስቲኩ ይሻላል።

የጀሞዋ
ተባረኩ። ባልዲውን ባለቤቴ ዛሬ ይበሳዋል። ሰጋቱራው ግን አማቴን አሳስቧቸዋል፣ ትል ያፈላል ይላሉ። ደግሞ ለበዓል የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስንልጥ ልጣጩ ለብቻው ማዳበሪያ ይሞላል፣ ይቺ ባልዲ ትችለዋለች?

ባለ ባልዲው
ለእናታችን ንገሪያቸው፣ ክዳኑ ከተዘጋና ላዩ ሁሌ በሰጋቱራ ከተሸፈነ ዝንብ እንቁላል የምትጥልበት ቦታ በቀላሉ አታገኝም። የበዓሉን ልጣጭ በአንዴ አትጨምሪው። በረንዳ ላይ ጋዜጣ አንጥፈሽ ይድረቅ፣ ከዚያ በእጅሽ ስትጨፈልቂው ትንሽ ነው የሚሆነው፣ ቀስ በቀስ ታስገቢዋለሽ። የዶሮው ላባና ሆድ ዕቃ ግን ለሰብሳቢዎቹ ነው፣ በዚያው ቀን ጠርተሽ ስጫቸው።