ጎንደር ላይ የጋራ የሰርቨር ክፍል፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ ዕቅድ

አስተባባሪ፣ ከፒያሳ

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው በተስማማነው መሠረት ለማኅበራችን የጋራ የሰርቨር ክፍል ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። ችግራችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የደንበኞቻችንን ድረ ገጽ በየግላችን ውጭ አገር ሰርቨር (ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርብ ኮምፒውተር) ተከራይተን ነው የምናስቀምጠው። ኪራዩ በዶላር ነው። በየወሩ ካርድ ያለው ሰው እንለምናለን። ክፍያው ካለፈ ገጹ ይዘጋል፤ ባለሆቴሉ የሚደውለው ደግሞ ለእኛ ነው። ለጥምቀት እንግዳ ክፍል በሚይዝበት ሰሞን እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ስለዚህ በጋራ አንድ ክፍል እናሰናዳ፣ በብር እናስከፍል ነው ሐሳቡ። ረቂቁ ላይ ያስቀመጥኩት አንድ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ)፣ ስምንት ሰርቨር፣ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ)፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ የፋይበር ኢንተርኔት መስመርና ሁለት ኤሲ (ማቀዝቀዣ) ነው። ስሙን «ቲየር 3 ዳታ ሴንተር» ብዬዋለሁ። ያልተዋጠላችሁን ሳትሸፋፍኑ ጻፉ።

ሆስቲንግ የምትሠራ፣ ከማራኪ

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ደክመህበታል። ሁለት ነገር ግን አልተዋጠልኝም።

አንደኛው ስምንቱ ሰርቨር ነው። የላካችሁትን ዝርዝር አንድ በአንድ አየሁት። አብዛኛው የሆቴል፣ የአስጎብኚ፣ የትምህርት ቤትና የክሊኒክ ነው። ሁሉም ተደምሮ ሁለት መካከለኛ ሰርቨር አይሞላም። ሁለቱ ይሥሩ፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ከስዊችና ከራውተሩ ጋር አንድ ኪሎዋት ተኩል ገደማ ቢወስዱ ነው።

ሁለተኛው «ቲየር 3» የሚለው ነው። ደረጃውን የሚሰጠው አፕታይም ኢንስቲትዩት የሚባል ድርጅት እንጂ እኛ አይደለንም። ቲየር 3 ማለት የትኛውንም ዕቃ ለጥገና ስታወጣው ሰርቨሩ ሳይጠፋ የሚቀጥልበት ቤት ነው። በዓመት 1.6 ሰዓት ገደማ መቋረጥ ነው የሚጠቀስለት፤ ለቲየር 1 ደግሞ 28.8 ሰዓት። አንድ ጄኔሬተርና አንድ መስመር ይዘን ሦስት ብለን መጻፍ ደንበኛን ማታለል ነው። በውሉ ላይ 99.9 በመቶ ሳይቋረጥ ይሠራል ብለን ብንፈርም እንኳ በዓመት ለመቋረጥ ያለን 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብቻ ነው። ጄኔሬተራችን አንድ ሌሊት አልነሣ ካለ አለቀ። ቃሉ ይውጣልኝ።

ኤሌክትሪሺያን፣ ከአዘዞ

እህታችን ያለችው ልክ ነው። ሰርቨሩን ቀንሱና ገንዘቡን ወደ መብራቱ አምጡት። ትንሽ ላስረዝም ነው፤ ታገሡኝ።

ዕቃ የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ አይደለም፤ ሲመለስ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ጠርተውኝ ሄድኩ። በሩ ሲከፈት ሽታው ቀደመኝ። የሰርቨሩን ፓወር ሳፕላይ ፈታሁት። የካፓሲተሮቹ አናት አብጧል። አንዱ ፈንድቶ ቡናማ ፈሳሹ ቦርዱ ላይ ደርቋል። «መብራቱ ከመጣ ገና ሁለት ደቂቃው ነበር» አለኝ ባለሱቁ። የሰባት ዓመት የደንበኞች ሒሳብ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሌላ ቦታ ግልባጭ አልነበረውም። የሰውየው ፊት እስካሁን አይጠፋኝም።

ስለዚህ ቼንጅኦቨሩ (ከጄኔሬተር ወደ መብራት የሚያዞረው ማብሪያ) መብራት እንደመጣ ወዲያው አይመልስ። አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ቮልቴጁ 220 አካባቢ መርጋቱን ይለካ፣ ከዚያ ይመልስ። ዋናው ብሬከር ላይ ሰርጅ (ድንገት የሚዘል ቮልቴጅ) መከላከያ ይግባ። ሁለቱ ተደምረው የአንድ ሰርቨር ዋጋ አይደርሱም።

ጄኔሬተሩን በተመለከተ፣ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተር የሚተነፍሰው ሲያንስ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ጉልበት አይሰጥም፤ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ) የሌለው ይብስበታል። ሻጩን «በ2,100 ሜትር ስንት ኬቪኤ ነው?» ብለን በጽሑፍ እናስመልስ፤ ኬቪኤ የጄኔሬተር ጉልበት መለኪያ ነው። ጭነታችን ከኤሲው ጋር ሁለት ኪሎዋት ተኩል ቢሆን ነው፤ ኤሲ ሲነሣ ግን ብዙ እጥፍ ይጎትታል። 10 ኬቪኤ የናፍጣ ይበቃናል። በጣም ትልቅ መግዛትም ጥሩ አይደለም። ትልቅ ሞተር በትንሽ ጭነት ሲውል ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም፣ ጭስ ማውጫው በጥላሸት ይደፈናል።

የዩፒኤሱ ባትሪ፦ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ አራት ሊድ አሲድ ባትሪ በስሌት 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ከግማሽ በታች ካወረድነው ዕድሜው ስለሚያጥር በተግባር ያለን 2.4 ነው። ሰርቨሮቹን ለአንድ ሰዓት ይሸከማል። ጄኔሬተሩ አልነሣ ቢል ከአዘዞ ተነሥቼ ለመድረስ በቂዬ ነው። ሙቀት ጠላቱ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል።

የመጨረሻው ኧርዚንግ ነው፤ ትርፍ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር። ረቂቁ ላይ ጭራሽ የለም። ከተማችን ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ሮዱ (መሬት ውስጥ የሚተከለው የብረት ዘንግ) ሲመታ ሜትር ሳይሞላ አለት ያገኛል። ክረምት ላይ መሬቱ ርሶ ስለሚለካ ቁጥሩ ያምራል፤ በጋ ሲመጣ ይበላሻል። የምንፈልገው የመሬቱ ተቃውሞ በደረቅ ወቅት ከ5 ኦም በታች እንዲሆን ነው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የጎንደር መብረቅ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። አሁን ሚያዝያ ላይ ነን። ለመለካት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ሒሳብ ያዥ፣ ከአራዳ

ኤሌክትሪኩን አሰላሁት። ሁለት ኪሎዋት ተኩል ቀን ከሌት ሲሠራ በወር 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በንግድ ታሪፍ አስልቼ አስገባዋለሁ። ጄኔሬተሩ በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ቢበላ ባለ 200 ሊትር በርሜል አምስት ቀን ያቆየናል። ጥያቄዬ ማደያ ሰልፍ ላይ ነው። በጀሪካን እንዲቀዳልን ከአሁኑ የድጋፍ ደብዳቤ ማውጣት አይሻልም? መብራት ከጠፋ በኋላ ደብዳቤ መሯሯጥ አይሆንም። የባትሪ መለወጫም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ፤ በሦስተኛው ዓመት መዋጮ ብላችሁ እንዳትመጡብኝ።

የቤቱ ባለቤት፣ ከልደታ

ልጆቼ፣ ቤቱን እሰጣለሁ ብያለሁ፤ ቃሌ ነው። የቱን ክፍል እንደምትፈልጉ ግን ንገሩኝ። ፎቁ ላይ ያለው ሰፊ ነው፣ ቆርቆሮው ግን ነሐሴ ላይ ያፈሳል። ምድር ቤት ያለው ጠባብ ነው። ግድግዳው የድሮ የድንጋይ ግንብ ስለሆነ ቀን ላይም ይቀዘቅዛል። እህል ስናስቀምጥበት ነበርና አይጥ አለው።

ሆስቲንግ የምትሠራ፣ ከማራኪ

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልን። ምድር ቤቱን ይስጡን። ባትሪ ከባድ ነው፤ ፎቅ ላይ ባይወጣ ይሻላል። በላዩ የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ ካለ ብቻ ይንገሩን፤ መዞር አለበት። አይጡን አደራ፤ ኬብል ይበላል። ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ እንደፍናለን።

ቅዝቃዜውን በተመለከተ፣ ለሰርቨር የሚመከረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። የጎንደር ሌሊት ለዚህ የተፈጠረ ነው። ማታ ማታ ማጣሪያ ባለው ፋን የውጭ አየር እናስገባ፣ ቀን ላይ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ አንድ ኤሲ ይሥራ። አየሩ ስስ ስለሆነ የፋኑ ጉልበት ከፍ ያለ ይሁን። ሁለተኛው ኤሲ ተገዝቶ ተሰቅሎ ይቀመጥ፤ አብረው አይሠሩም፣ በየሳምንቱ ይፈራረቁ። የበጋው አቧራ ከባድ ነው፤ ማጣሪያው በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚራገፍበት ተራ ይውጣ።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከአውቶ ፓርኮ

ዘግይቼ ገባሁ፤ ይቅርታ። አንድ መስመር አይበቃም። አንዱን ከኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላውን ከሳፋሪኮም እንጠይቅ። ግን ሁለት ድርጅት ማለት ሁለት መንገድ ማለት አይደለም። ኬብሎቹ በአንድ ቦይ ከመጡ አንድ የመንገድ ቆፋሪ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። በየት በኩል ቤቱ እንደሚገቡ በካርታ እንዲያሳዩን እንጠይቅ።

ከዚህ የሚከብደውን ልበል። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንዘነጋም። እንደዚያ ያለ ቀን ቢመጣ ባትሪና ናፍጣ አያድኑንም። ክፍሉ በርቶ፣ ሰርቨሩ ሠርቶ፣ ከፍራንክፈርት ክፍል የሚይዘው ቱሪስት ግን ገጹን አያገኘውም። የጎብኚ ገጽ ሁሉ ጎንደር ብቻ ይቀመጥ የሚለውን እኔ አልፈርምበትም።

አስተባባሪ፣ ከፒያሳ

እና ክፍሉ ለምን ያስፈልገናል? ልተወው እያልከኝ ነው?

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከአውቶ ፓርኮ

አይ፣ አልተግባባንም። ሥራውን እንከፋፍለው ነው የምለው። ለውጭ ሰው የሚታየው ገጽ አዲስ አበባ ይቀመጥ። አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ራክሲዮና ዊንጉን የመሳሰሉ ድርጅቶች ለሌላ ሰው ሰርቨር ቦታ ያከራያሉ። አንዷን ሰርቨራችንን እዚያ እንትከላት፤ ዋጋ እንጠይቅ። ጎንደር ያለው ክፍል ደግሞ ለከተማው ሰው ይሁን። የክሊኒኩ መዝገብ፣ የትምህርት ቤቱ ውጤት፣ የሱቆቹ ሒሳብ እዚህ ይቀመጥ። ለቅርብ ደንበኞች በራሳችን ሽቦ አልባ መስመር ብናደርስላቸው የውጪው ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራቸው አይቆምም፤ ፈቃዱን ግን አስቀድመን እንጠይቅ። የአዲስ አበባው ግልባጭ ሌሊት ሌሊት እዚህ ይመጣል፣ የእዚህ ተመስጥሮ ወደዚያ ይሄዳል።

ሆስቲንግ የምትሠራ፣ ከማራኪ

ይኼ ነው የጎደለን! መጋቢት 1 ቀን 2013 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል ብዙ ሰው ገጹን ያጣው ግልባጩም እዚያው ግቢ ስለነበረ ነው። እነሱ እንደኛ ድሆች አልነበሩም። የአዘዞው ወንድሜ የነገረን ባለሱቅም ያው ነው የደረሰበት።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሩልኝ። ባክአፕ (ግልባጭ) አለን ማለት ብቻውን አይበቃም። በወር አንድ ጊዜ አንድ ገጽ በዕጣ ይመረጥ፣ ከግልባጩ በባዶ ሰርቨር ላይ ይመለስ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጻፍ። ሳይሞከር የቀረ ወር ካለ ለአባላት ይነገር። የክሊኒክ መረጃ ከያዝን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ውላችን በጠበቃ ይታይ።

አስተባባሪ፣ ከፒያሳ

እሺ፣ ተረትታችሁኛል፤ ደስ ብሎኝ ነው። ረቂቁን እንዲህ አድርጌ ልጻፈው፦

«ማኅበሩ ሦስት ሰርቨር ይገዛል። አንዱ አዲስ አበባ በኪራይ ቦታ ይተከላል፤ የጎብኚ ገጾችን ይይዛል። ሁለቱ ልደታ ምድር ቤት ይቀመጣሉ፤ አንዱ የከተማውን ሥራ ይሠራል፣ ሌላው ተጠባባቂ ሆኖ የአዲስ አበባውን ግልባጭ ይቀበላል። ሰርቨር ከመገዛቱ በፊት ኧርዚንጉ፣ የሚዘገየው ቼንጅኦቨር፣ ባትሪውና 10 ኬቪኤ ጄኔሬተሩ ተተክለው አንድ ወር ይፈተናሉ። ለደንበኛ የሚገባው ቃል ከፈተናው ውጤት በኋላ ይወሰናል። ግልባጭ በየወሩ ተመልሶ ይሞከራል።»

ቲየር የሚለው ወጥቷል። የቀረ ካለ እስከ ዓርብ።

ሒሳብ ያዥ፣ ከአራዳ

«አንድ ወር ይፈተናሉ» የሚለው ላይ «በየሳምንቱ መብራቱ ሆን ተብሎ እየተቆረጠ» የሚል ይግባ። ካልሆነ ወሩ ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ቢያልፍ ምንም አላየንም።

አስተባባሪ፣ ከፒያሳ

ገብቷል።

ኤሌክትሪሺያን፣ ከአዘዞ

ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ። ሮዱን ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ራቅ አድርጌ ነው የምመታው። እስከዚያ ቦታው ላይ ውሃ እንዳይፈስ ይንገሩልኝ፤ ደረቁን ነው መለካት የምፈልገው።