እህቴ ሩቅ ተመደበች፤ የግል ኮሌጅ ክፍያ ላይ መንግሥት ይደግፋል ወይ?

ጥያቄ፦ የአዘዞው ወንድም

ጤና ይስጥልኝ። እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ከሃምሳ በመቶ በላይ አምጥታለች። ደስታችን ሳይበርድ ምደባዋ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እናታችን «እዚሁ ጎንደር ካልሆነ አትሄድም» ብላ ቆርጣለች። ርቀቱም መንገዱም አስፈርቷት ነው፤ ማን ይፈርድባታል? አባታችን በሕይወት የለም፤ ቤቱ የሚተዳደረው እኔ ባጃጅ ነድቼ በማገኘው ነው።

ሰሞኑን ፒያሳ ላይ ለአንድ የግል ኮሌጅ ተማሪ የሚመዘግብ ሰው አገኘን። «ወጪ መጋራት ለግል ኮሌጅም ተፈቅዷል። ግማሹን መንግሥት ይችላል፣ ግማሹን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለች። ለጊዜው መመዝገቢያውንና የመጀመሪያውን ሴሚስተር ብቻ አስገቡ» ይላል። ገንዘቡ በእርሱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ነው የሚፈልገው። ነገሩ እውነት ነው? እውነት ካልሆነስ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ መንግሥት የሚያደርገው ድጋፍ አለ?

መልስ፦ የቀበሌ ጎረቤት

አንድ ብር እንዳታስገባ! ኮሌጅ ገንዘብ የሚቀበለው በተቋሙ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው፤ ደረሰኝም ይሰጣል። የቀረውን የሚያውቁት ይንገሩህ።

መልስ፦ የቀድሞ ሬጅስትራር

ወንድሜ፣ ሰውዬው የነገራችሁ እውነት አይደለም። ወጪ መጋራት መጀመሪያ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የተደነገገ ሲሆን ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ እየተሠራበት ነው። የሚመለከተውም በመንግሥት ተቋም፣ በመደበኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራም ተመድቦ የሚማረውን ተማሪ ነው። በግል ኮሌጅ የሚማር ሙሉ ክፍያውን ከኪሱ ይከፍላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በማታ ወይም በቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም የሚማር ሰው ከፋይ ነው። ስለዚህ እህትህ ምደባዋን ትታ ከቀረች የምታጣው የጅማን ወንበር ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ለትምህርቷ የሚሸፍንላትን ወጪም በገዛ እጇ ትተዋለች።

ብዙ ወላጅ «ድጋፍ» ሲባል በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ይመስለዋል። አሠራሩ እንደዚያ አይደለም። ተማሪዋ ከማስተማሪያው ወጪ 15 በመቶውን፣ ከምግቡና ከመኝታው ደግሞ ሙሉውን ትጋራለች፤ ይህ ሁሉ ግን ዛሬ አይጠየቅም። ዛሬ ውል ትፈርማለች፣ ክፍያው ተመርቃ ገቢ ማግኘት ስትጀምር ይመጣል። የቀረውን የማስተማሪያ ወጪ የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ለድሃ ልጅ ከዚህ የተሻለ ውል ከየትም አይገኝም፤ እኔ እንደዚህ ነው የማምነው።

ቅጹን ሳትረዳው እንዳትፈርም ንገራት። ፎቶ ይለጠፍበታል፤ ስሟ፣ የትውልድ ቦታዋ፣ የእናቷ ስምና አድራሻ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀችበት ትምህርት ቤት ይሞላል። ከዚያ ልብ የሚያስፈልገው ቦታ ይመጣል፤ የምትፈልገውን አገልግሎት ትመርጣለች። ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ ወይስ ሁለቱም? በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ? ከሥር የዓመቱ ወጪ በየረድፉ ይጻፋል። ተማሪ ለምዝገባ ተሰልፎ ሲገፋፋ ይህን ሳያነብ ይፈርምና በአራተኛው ዓመት «ይህ ሁሉ ዕዳ ከየት መጣ?» ይላል። የየዓመቱን ቅጽ ቅጂ ታስቀምጥ።

ጥያቄው ባለቤት፦ የአዘዞው ወንድም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን እናቴ የባሰ ሰጋች፤ «ስሜ ቅጹ ላይ ከሰፈረ ዕዳው እኔ ላይ ይመጣል» ትላለች። ለእናቴ ምን ብዬ ላስረዳት?

መልስ፦ ደመወዝ ክፍል

እናትህን አረጋጋቸው። ስማቸውና አድራሻቸው የሚሞላው ተማሪዋን ለይቶ ለማወቅ ነው፤ ግዴታ የምትገባው ልጅቱ ናት። ቤታቸውን የሚነካ ነገር የለም።

አከፋፈሉን በየወሩ ስለምሠራው ልንገርህ። ተመራቂዋ ሥራ ስትይዝ አሠሪው ከወር ገቢዋ ቢያንስ 10 በመቶ እየቀነሰ ለገቢዎች ያስገባል። ደመወዟ 9,000 ብር ቢሆን 900 ብር ማለት ነው። ክፍያው እስከ 15 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። በመምህርነት ሙያ የሚመረቁ ደግሞ በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድ አለ፤ ቅጹም ላይ ምርጫው ተቀምጧል። እኔ ራሴ ኦሪጅናል ዲግሪዬን ያወጣሁት ዕዳዬን መጨረሴን የሚያሳይ ደብዳቤ አቅርቤ ነው፤ እህትህም ደረሰኞቿን አትጣል።

መልስ፦ ባለ መፍትሔ

ይህን ሁሉ ምን አመጣው? የሐኪም ወረቀት አሠርታችሁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዝውውር ጠይቁ። የሚያሠራ አይጠፋም።

መልስ፦ የቀድሞ ሬጅስትራር

ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ምክር አይሰጥም! እውነተኛ የጤና ችግር ላለበት፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ ለምታጠባ እናት የሚታይ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እርሱም በማስረጃ ተደግፎ ለትምህርት ሚኒስቴር የሚቀርብ ነው። በሐሰት ወረቀት የገባች ተማሪ ሲደረስባት ምደባዋንም ስሟንም ታጣለች። በሐሰተኛ ወረቀት ምክንያት እውነተኛ ሕመምተኞች በጥርጣሬ ዓይን ሲታዩ ስለማውቅ ነው የምቆጣው።

መልስ፦ የማራኪ ልጅ

እኔ ከደባርቅ መጥቼ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ ስለ ክፍያው ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ ዕለት ኑሮው ልንገርህ፤ ቤተሰብን የሚጨንቀው እርሱ ነውና። ካፌ ከሆነች፣ ማለትም ግቢው ውስጥ ካለው የተማሪዎች መመገቢያ የምትበላ ከሆነች፣ ምግቡ አለ፣ ዶርም አለ። የምግብ በጀቱም በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ተማሪ በቀን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ነን ካፌ የሚሆኑት የምግቡን ገንዘብ በእጃቸው ተቀብለው በራሳቸው ይመገባሉ። የመጀመሪያ ዓመት ላይ፣ ያውም በማታውቀው ከተማ፣ ነን ካፌ አልመክርም፤ ገንዘቡ ለጫማና ለስልክ ካርድ ይውልና ወሩ ሳያልቅ ሆድ ባዶ ይቀራል።

ለሳሙና፣ ለሞዴስና ለማስታወሻ ማባዣ የሚሆን ግን ያስፈልጋታል። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች አፍረው የሚያልፉት ነገር አለ። በዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለ፤ አቅም የሌላቸውን ሴት ተማሪዎች ይመዘግባል፣ በቻለው መጠንም ይረዳል። የተማሪዎች ዲን ቢሮም አለ። ሁለቱም የሚጠይቁት ከቀበሌ የተጻፈ የዝቅተኛ ገቢ ማስረጃ ነው። ይህን ደብዳቤ ከመሄዷ በፊት አዘዞ ላይ አውጥታ ትሂድ፤ ጅማ ሆና ከእናንተ ቀበሌ ወረቀት ማስመጣት መከራ ነው። የአባታችሁንም የሞት ማስረጃ ቅጂ ትያዝ። በመጀመሪያው ሳምንት ትመዝገብ፤ ዘግይቶ የመጣ ስሙ የሚገባው ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው።

መልስ፦ ደመወዝ ክፍል

ምናልባት እናትህ እስከ መጨረሻው እንቢ ካሉ፣ እዚሁ ከተማ ገንዘብ የማያስጨንቁ በሮችም አሉ። ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና የጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የመንግሥት ናቸው። ሃምሳ በመቶ ላለፈች ልጅ ግን ዲግሪውን ትታ ወደዚያ ትሂድ ለማለት አፌ አይደፍርም።

የግል ኮሌጅም ሁሉ አንድ አይደለም። በነፃ የሚያስተምሩት ተማሪ ያላቸው አሉ፤ ይህን የሚጠየቀው ግን ኮሌጁ ቢሮ ገብቶ ነው፣ ፒያሳ ላይ ቆሞ አይደለም። ከመክፈል በፊት ያ ትምህርት ክፍል፣ በዚያው ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የታደሰ እውቅና እንዳለው አረጋግጡ። ኮሌጁ እውቅና አለው ማለት የሚያስተምረው ሁሉ እውቅና አለው ማለት አይደለም። የመውጫ ፈተናውም ለግሉም ለመንግሥቱም ተማሪ አንድ ነው፤ ሃምሳ በመቶ ካልመጣ ከፍሎ መማር ከፈተናው አያድንም።

ጥያቄው ባለቤት፦ የአዘዞው ወንድም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰውዬውን «ደረሰኙን በኮሌጁ ስም ስጠኝና እከፍላለሁ» ብዬ ደወልኩለት፤ «ለእናንተ ብዬ ነው እንጂ ወንበሩን የሚፈልግ ሞልቷል» አለና ዘጋው። እናታችን የሬጅስትራሩንና የማራኪዋን ልጅ ጽሑፍ አስነብባን አዳመጠች። «በመንገድ ማን አብሯት ይሄዳል?» ማለት ጀምራለች፤ እርሷን ለሚያውቅ ሰው ይህ እሺታ ነው። እስከ አዲስ አበባ እኔው አደርሳታለሁ። የቀበሌውን ደብዳቤ ሰኞ እጠይቃለሁ። ሌላ ምን ትያዝ?

መልስ፦ የማራኪ ልጅ

እሰይ! የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለው ትራንስክሪፕት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፤ የሁሉም ዋናውና ቅጂው። የፋይዳ መታወቂያዋ። ጉርድ ፎቶ በርከት አድርጋ፤ ለመታወቂያም ለዶርምም ለወጪ መጋራቱም ይፈለጋል። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ጫማ። ዋናዎቹን ወረቀቶች ከሻንጣው ጋር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዳትጭኑ፤ በእጅ ቦርሳዋ ትያዛቸው። የመግቢያ ቀኑን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከሚያወጣው ማስታወቂያ ብቻ ተከታተሉ፤ በቴሌግራም የሚዞረው አንዳንዴ ያለፈው ዓመት ነው።