«ተገልብጧል» ልበል ወይስ «በቀኝ በኩል ነው»?

አስተርጓሚዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። ሐኪም ቤት ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተረጉማለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የአራት ወር ልጇን ታቅፋ መጣች። የልጁ ልብ በቀኝ፣ ጉበቱ ደግሞ በግራ ነው። ሐኪሙ በላቲን «ሳይተስ ኢንቨርሰስ» አለው። እኔ ቸኮልኩና «የልጅሽ ውስጡ ተገልብጧል» አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ «መቼ ወድቆብኝ ነው?» አለችኝ። ለካ እሷ የሰማችው እንደ መኪና፣ እንደ ድስት መገልበጥ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ምን ማለት ነበረብኝ? ነገሩስ ከመነሻው እንዴት ይሆናል? ሳይገባኝ ማስተርጎም አልፈልግም።

የባዮሎጂ አስተማሪ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። «ተገለበጠ» የምንለው ቀድሞ ቆሞ የነበረውን ነው። የዚህ ልጅ ልብ ግን ከመጀመሪያውም የተሠራው በዚያ በኩል ነው።

ፅንስ ሲጀምር ግራውና ቀኙ አንድ ነው። ልብም መሃል ላይ ያለ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ሰው ላይ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ይህ ቱቦ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ኋላ ላይ የልብ ጫፍ ወደ ግራ ያርፋል። ታዲያ ወዴት እንደሚታጠፍ ማን ነገረው?

በደንብ የተጠናው አይጥ ላይ ነው። የስምንት ቀን ገደማ የአይጥ ፅንስ በሆዱ በኩል አንዲት ትንሽ ጉድጓድ አለችው። ውስጧ ከ200 እስከ 300 የሚሆኑ፣ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። ሲሊያ ይባላሉ። ሁሉም ወደ ጭራው ዘመም ብለው ይሽከረከራሉ፤ በደቂቃ 600 ጊዜ ገደማ። መዝመማቸው ነው ቁም ነገሩ። ሽሮ ስታማስዪ ማማሰያውን አጋድመሽ አዙሪው። ቀና ባለበት በኩል ወጡን ይዞት ይሄዳል። በተጋደመበት በኩል ግን ወደ ድስቱ ወለል ይጠጋል፣ ወለሉ ስለሚይዘው ብዙም አይገፋም። ስለዚህ ፈሳሹ ወደ አንድ ጎን ያደላል። በፅንሱ ያ ጎን ግራ ነው።

ይህን ፍሰት እ.ኤ.አ. በ1998 ቶኪዮ ውስጥ የኖቡታካ ሂሮካዋ ቡድን አሳየ። ሲሊያ የሌላቸው ፅንሶች ላይ ፍሰት የለም፤ የልባቸው መታጠፊያም የዕጣ ነገር ሆነ። በ2002 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ተመራማሪዎች ፈሳሹን በመሣሪያ ወደ ቀኝ አስፈሰሱት። ግራና ቀኝ ተለዋወጠ! ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ይገርመኛል። (ዶሮ ላይ መንገዱ ሌላ ነው። ፀጉሮቹ ፈሳሽ አይነዱም፣ ሴሎቹ ራሳቸው ወደ ግራ ይንቀሳቀሳሉ።)

የግዕዝ ወዳጅ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ለዚህ ሂደት «ኢ-ተመጣጣኝነት» የሚል ቃል አንብቤ ከፍቶኛል። ጉድለት ያስመስለዋል። ቃሉ እኮ በእጃችን አለ። በነነዌ ጾም የምንሰማው የዮናስ መጽሐፍ ማብቂያው ላይ «ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ» ይላል። ፅንሱም ቀኝና ግራውን ገና እየለየ ነው። «ቀኝና ግራን መለየት» ብንለው ማንም እናት ይገባታል።

አስተርጓሚዋ ልጄ፣ አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። የማን ቀኝ? ቀኛዝማችና ግራዝማች የተባሉት በጦሩ በራሱ ቀኝና ግራ እንጂ ፊት ለፊት ቆሞ በሚያያቸው አይደለም። ሐኪምም የሚቆጥረው የበሽተኛውን ቀኝ ነው።

አማርኛችን ለግራ አይራራም። ጠዋት «ቀኝ ያውልህ» ብለን እንመርቃለን። የተነጫነጨውን «በግራ ጎኑ ተነስቶ ነው» እንለዋለን። መላው ሲጠፋን ደግሞ «ግራ ገባኝ»። ያ ዕጣ የወጣለት ፅንስስ ግራ ገብቶት አይደል?

የባዮሎጂ አስተማሪ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ፅንሱ ቋንቋችንን ይሞግታል። ትእዛዝ የሚደርሰው እኮ ግራ ነው። ከፍሰቱ በኋላ «ኖዳል» የሚባል ጂን (ሴል ውስጥ ያለ የዘር መመሪያ) በግራ ጎን ይነሳና «ፒትክስ2» የሚባለውን ይቀሰቅሳል። ምልክቱ ወደ ቀኝ እንዳይሻገር ድንበር የሚጠብቀው ደግሞ «ሌፍቲ» ነው። ስሙ በእኛ አፍ ግራኝ ማለት ነው። የግራው ምልክት ጨርሶ ካልመጣ ሁለቱም ጎኖች የቀኝ ይሆናሉ። ሁለቱም ሳንባ እንደ ቀኙ ባለ ሦስት ክፍል ይሆናል፤ ጣፊያ ላይኖር ይችላል፤ ልብም አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ችግር ይኖርበታል። እና ያ ፅንስ ግራ ገባው ሳይሆን ግራ ጠፋበት ነው የሚባለው።

እህቴ፣ ይህን ከነገርሽን ልጅ ጋር እንዳታምታቺው። ሁሉም ነገር እንደ መስታወት ምስል ተቀያይሮ ከሆነ፣ አብዛኞቹ በጤና ይኖራሉ። ግማሹ ተቀይሮ ግማሹ ሲቀር ነው ልብ የሚጎዳው። ልጁ ሁልጊዜ የሚያስል፣ አፍንጫው የሚታፈን ከሆነ ግን ለሐኪሙ ይነገረው። ሳንባችንንም የሚጠርጉት ሲሊያ ናቸው። የዙሪኩ ሐኪም ማኔስ ካርታግነር የተገላቢጦሽ አቀማመጥን፣ የሳይነስን (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ የአጥንት ክፍተቶችን) እና የሳንባን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1933 አንድ ላይ ጻፋቸው። ለምን አብረው እንደሚመጡ የታየው በ1976 ነው። ስዊድናዊው ብዮርን አፍዜልየስ የነዚህ ሰዎች ሲሊያ እንደማይንቀሳቀሱ አሳየ።

አስተርጓሚዋ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ ቀጠሮ አላት። እንዲህ ልላት ነው፦ «የልጅሽ ልብ በቀኝ በኩል ነው ያለው። ጉበቱ በግራ። ማህፀን ውስጥ ቀኝና ግራው ሲለይ በሌላው በኩል ተለየ። አልወደቀም፣ አንቺም ያጠፋሽው ነገር የለም።» ጋሼ፣ አንድ ቃል ብቻ ቀረኝ። ሐኪሙ ስለ ጣፊያ ሊያወራ ይችላል። የስኳር ሕመም ጽሑፎች ላይ «ጣፊያ ኢንሱሊን ያመርታል» የሚል አንብቤያለሁ።

የግዕዝ ወዳጅ፦ ኢንሱሊን የሚያመርተው ቆሽት ነው፤ «ቆሽቴ አረረ» የምንለው። ከጨጓራ ጀርባ ነው የሚገኘው። ጣፊያ ሌላ ነው፤ ከግራ ጎድን ስር ተቀምጦ ደም ያጣራል። የዚህ ልጅ ግን በቀኝ ነው። በቃል ብቻ አትንገሪያት፣ እጅሽን በራስሽ ቀኝ ጎን ላይ አድርገሽ አሳያት።