ለደንገጡር ቀሚስ በእጅ እየሰፋሁ ነው፤ ሐር ልጥለፍበት ወይስ ይቅር?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። የቴአትር ክበባችን አዲስ ድርሰት ይዟል፤ ዘመኑ የወይዘሮ ወርቂት ነው፣ 1857 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወሎ ሲገባ። ወርቂት በታሪክ ያለች የወሎ ገዢ ናት። እኔ የምጫወታት ደንገጡር፣ የእልፍኝ አገልጋይዋ፣ ግን ፈጠራ ናት፤ ሌሊት በበቅሎ መልእክት የምታደርስ፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ። ልብሷን በእጄ ልሰፋ ምዬአለሁ። ያኔ የስፌት መኪና ወሎ ውስጥ ምን ሊሠራ! ደግሞም የመጀመሪያውን ሸማ ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰጥቼ ጫፍ ጫፉን በኦቨርሎክ፣ ያውም በናይለን ክር፣ ነክሶ ነክሶ መለሰልኝ። ፊት ወንበር የተቀመጠ ሁሉ ያየዋል።

አሁን ስምንት ሜትር ፈትል ገዝቻለሁ፤ መቀስ ለማሳረፍ ግን እጄ እምቢ አለ። ለሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ፣ መልሼ አጥፈዋለሁ። እንደ ሞዴል የያዝኩት ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውን፣ የቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባለውን በሐር የተጠለፈ ቀሚስ ፎቶ ነው። እንደዚያ ልጥለፈው? ከስር ሱሪስ ያስፈልጋታል? ሳባ ክርም ገዝቻለሁ፣ መብራት ሲያርፍበት ያምራል ብዬ። አምስት ሳምንት ቀርቶኛል።

ሸዋበር፦
እህቴ በመኪና ስፊውና ተገላገዪ። ከመድረክ ላይ ማን ስፌት ይቆጥራል?

እንዝርት፦
የኔ ልጅ፣ መቀሱን አስቀምጪው። መጀመሪያ እጠቢው። ፈትል ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ሰፍተሽ ከጨረስሽ በኋላ ብታጥቢው እጅጌው ክንድሽ ላይ ይቀራል። ለብ ባለ ውሃ ንከሪው፣ አትጠምዝዢው፣ ጥላ ላይ ዘርጊው። ሁለት ጊዜ ብታደርጊው ደስ ይለኛል።

ስትቆርጪ በእስክሪፕቶ እንዳትነኪው፤ ከታጠበም በኋላ አይለቅም። ከዳር አንድ ማግ ምዘዢ። ክሩ ሲወጣ ቀጭን መስመር ይታይሻል፣ በሱ ላይ ቁረጪ። እጅ የሠራው ሸማ ትንሽ ይንጋደዳል፤ በማስመሪያ ብትቆርጪው ጨርቁን ከራሱ ጋር ታጣይዋለሽ።

አቆራረጡ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ወገቡ አይቆረጥም፣ መቀነቱ ይይዘዋል። አንዱን ርዝመት ትከሻ ላይ አጥፈሽ አንገቱን ትከፍቻለሽ፣ ትከሻው ላይ ስፌት አይኖርም። የሸማው ስፋት አይበቃሽም፤ ከሁለቱም ጎን ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ቀጥይበት። እጅጌው ወደ አንጓው ይጠበባል። እንግዲህ ዋናው ይኸ ነው፦ ብብቱ ላይ አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ መዳፍሽን የሚያክል፣ በማዕዘኑ አዙረሽ አስገቢ። ያለሱ እጅሽን ወደ ላይ ያነሳሽ ቀን ጨርቁ ይተረተራል። ይቺ ልጅ በቅሎ ላይ ትወጣለች አላልሽም?

ክሩ ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር ጠንካራ ነው፣ ግን ሲወጠር ፈትሉን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ሰም ላይ አንድ ሁለቴ ጎትቺው፣ መቋጠሩን ይተዋል። መርፌሽ ቀጭን ይሁን። ሦስቴ ወደፊት ወግተሽ አራተኛዋን ወደ ኋላ መልሺ፤ ብብቱ ጋ ሁሉንም ወደ ኋላ። ውስጡን ሳትዘመዝሚ እንዳትተዪው፤ አንዱን ጠርዝ አሳጥረሽ ሌላውን አልብሽውና ቀምቅሚው። ያኔ ኦቨርሎክም አያምርሽም።

መቅደላ ማዶ፦
ስለ ጥልፉ እኔ ልግባ። ፎቶ ላይ ያየሽው የእቴጌ ልብስ ነው፣ በ1860 መቅደላ ስትወድቅ ከተወሰደው ጋር የሄደ። አንቺ የምትጫወቻት እቴጌ አይደለችም። የደንገጡር ልብስ ለምን ሙዚየም ውስጥ የለም? ምክንያቱም እላይዋ ላይ አልቋል። ተጠቅሟል፣ ተጣፏል፣ በመጨረሻ የሕፃን መጠቅለያ ሆኗል። ስለዚህ ከሙዚየም የምትቀጂው አሠራሩን ነው፣ ማዕረጉን አይደለም።

ግን ደግሞ ደንገጡር ማለት እንጨት ለቃሚ አይደለችም። ከእመቤቲቱ እልፍኝ የምትውል፣ ምስጢር የምታውቅ ናት። ያኔ ጌቶች ለሰዋቸው ልብስ ይሸልሙ ነበር፤ ስለዚህ ከወርቂት የወረደ አንድ ነገር ሊኖራት ይችላል። እኔ ብሆን እጅጌዋ ጫፍ ላይ ብቻ ጠባብ ሐር እጠልፋለሁ፣ ያውም የነተበ፣ አንድ ሁለት ቦታ ክሩ የወጣ። ተመልካች ያየዋል፤ ይቺ ልጅ የማን ሰው እንደሆነች ሳትናገር ይገባዋል።

ሳባውን ለሠርግ አስቀምጪው፣ ያ ብልጭልጭ የኛ ዘመን ነው። ያኔ ለጥለት ቀይና ሰማያዊ ሲፈለግ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ይወጣ ነበር። አሮጌ ቀይ የጥጥ ጨርቅ ካለሽ አንቺም ተርትሪው፤ አዲስ ክር የማያመጣው የደበዘዘ መልክ አለው። ጌጥ ካስፈለገ አንዲት ብር ይበቃታል። ያኔ ጠገራ ብር፣ ያቺ የማርያ ቴሬዛ፣ እየቀለጠ ነበር ጌጥ የሚሠራው።

ሱሪ አዎ። የትልቅ ሰው ሴቶች በቅሎ ላይ በእግራቸው ግራና ቀኝ ነበር የሚቀመጡት፣ ከቀሚሱ ስር ባቱ ላይ ጠበቅ ያለ ሱሪ ለብሰው። የሌሊት መልእክተኛ ያለ ሱሪ የትም አትደርስም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ማተብ ከማሰርሽ በፊት ደራሲውን ጠይቂው። የወርቂት ቤት ሙስሊም ነው። ወሎ ነውና ደንገጡሯ ክርስቲያን ብትሆን የሚገርም አይደለም፣ ግን ሳይታሰብ የገባ እንዳይሆን። ልጇ መቅደላ ታስሮ እያለ ምኒልክን አሳልፋ የሸኘች ሴት ናት፤ ልጇንም በዚያው አጣች። ይኸን የሚያህል ነገር እያለ ሰው ስለ አንገት ክር ሲከራከር እንዳያመሽ።

ሸዋበር፦
እሺ ተሸነፍኩ። ቀለሙ ግን በጣም ነጭ ነው፣ ወይባ ጢስ አሙቂው 😄

እንዝርት፦
ቀልድ አይደለም፣ ጢስ ቀለሙን ያበስለዋል። ግን በቁራጭ ሞክሪ መጀመሪያ። ሙሉውን ካጠለሽሽው መመለሻ የለውም።

የጦሳ ልጅ፦
ሦስት ሳምንት ጠፍቼ መጣሁ። ወላሂ እናመሰግናለን። ስምንት ሜትሩ ታጥቦ ሰባት ሜትር ከአርባ ሆነ! ሳላጥብ ቆርጬ ቢሆን አልቅሼ ነበር። ማግ መምዘዙን ወደድኩት፤ መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ተበጠሰብኝ፣ ከዚያ እጄ ለመደ። አንድ ረጅም ስፌት አንድ ምሽት ይፈጃል። እናቴ «ሙሽራ አስመሰልሽው» እያለች አጠገቤ ቡና ታፈላለች፤ አንድ ቀን መርፌውን ነጥቃኝ አንድ ጎን ሙሉ ሰፋችልኝ። የሷ ስፌት ከኔ በጣም ይጠብቃል፣ ልዩነቱ በደንብ ያስታውቃል፣ ግን አልፈታውም።

እጅጌውን በቀይ ብቻ ጠለፍኩ፣ ከአያቴ አሮጌ ጨርቅ በተተረተረ ክር። ደራሲውን ስለ ማተቡ ጠየቅኩት፤ ሁለት ቀን አስቦ «ሻሽ ብቻ» አለ።

ጥፋቴን ልናገር፦ ብብቱ ላይ ያልሽኝን ቁራጭ ለቀኙ ብቻ አስገባሁ፣ ግራው ሰፊ መስሎኝ። ትናንት ልምምድ ላይ በቅሎ የሆነልን የወንድሜ ጀርባ ነበር፣ ዘልዬ ስወጣ ግራው ቷ! አለ። የክበቡ ሰው ሁሉ ሰማ። አሁን ቁራጩን ከላይ ብለጥፍበት ይይዛል?

እንዝርት፦
አይይዝም። የተቀደደውን ጠርዝ አስተካክለሽ ቁረጪ፣ ከእጅጌው ስር አንድ ስንዝር ከጎኑም አንድ ስንዝር ፍቺ፣ ቁራጩን እንደ ቀኙ አስገቢ። አንድ ምሽት ነው፣ አብሽሪ። የእናትሽን ጎን ግን እንዳትነኪው።