ሰርቬዩ የከሱት ልጆች ቀነሱ ይላል ግን ልጆች እየሞቱ ነው፣ እንዴት ነው የሚነበበው?

ሰብሊ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ስነምግብ ላይ የሰራችሁ ካላችሁ እርዱኝ። ድርቅ የጎዳው ቆላ ወረዳ ለሰርቬይ ወርደን የልጆቹን ክንድ ስንለካ የከሱት ካለፈው ዙር ቀንሰው አገኘን፣ ሱፐርቫይዘሩም እርዳታው ሰርቷል ብሎ ደስ አለው። እኔ ግን የገባሁበት ቤት ሁሉ ጥቁር የለበሰች እናት እያየሁ ነው የወጣሁት፣ ቁጥሩ አልዋጥልኝ አለ። "የሞተ ልጅ አለ ወይ?" ስላቸው ደግሞ ብዙዎቹ ዝም ነው የሚሉት። ምን ብዬ ልጠይቅ?

ነርስ ነኝ፦
ሰብሊዬ እውነትሽን ነው፣ የሞተ ልጅ እኮ ክንዱ አይለካም! ቴፑ የሚያገኘው የተረፉትን ነው፣ የክንዳቸው ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ በታች የነበሩት፣ ማለት በጣም የከሱት፣ ቀድመው ካለቁ የቀሩት ሲለኩ የተሻሻለ ይመስላል። ለዛ ነው ሞት አብሮ መጠየቅ ያለበት። ሶማሌ ክልል ጎዴ በ1992 ድርቅ ጊዜ በተጠናው ከ5 ዓመት በታች የሚሞቱት በቀን ከ10,000 ልጅ 6.8 ነበሩ፣ የአደጋው ድንበር 2 ሆኖ ሳለ! ከሟቾቹ 77 ከመቶ ያህሉ ትልቁ እርዳታ ሳይገባ ነው ያለቁት፣ ከሕፃናቱ ሞት ደግሞ 22 ከመቶው ላይ ኩፍኝ አለበት። ስለዚህ ክትባትም ጠይቂ፣ ሁለቱንም እግራቸውን በአውራ ጣትሽ ተጭነሽ ጎድጉዶ ይቀር እንደሆነ እዪ፣ በምግብ እጥረት ያበጠ ልጅ ወፍራም መስሎ ያልፍሻል።

የመስክ ሰው፦
ነርሷ ያለችው ላይ ልጨምር፣ "የሞተ አለ ወይ" ብለሽ አትጀምሪ። ፋሲካ ለት እዚህ ቤት ማን ማን ያድር ነበር በያቸው፣ ሁሉንም ጻፊና እሱ አሁን የት አለ፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሄደ እያልሽ አንድ ባንድ ውረጂ፣ ሞቱ ራሱ ይወጣል። ከፋሲካ ወዲህ ተወልዶ ክርስትና ሳይነሳ የሞተውን ለብቻው ጠይቂ፣ እኔ ባየሁት እናቶች እሱን ማንሳት ይከብዳቸዋል። ስታሰይ ለምሳሌ 900 ልጅ ሲባዛ በ90 ቀን 81,000 ነው፣ ከነዚህ ልጆች 16 ከሞቱ በቀን ከ10,000 ልጅ 2 የሚለው ድንበር ጋ ደረስሽ ማለት ነው፣ አራት አምስት ሞት ካመለጠሽ ሪፖርቱ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። የተዘጋ ቤት ካለ ደግሞ ጎረቤት ሳትጠይቂ አትለፊ።

ሰብሊ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። አንዷ እናት የልጆቿን ስም ስትቆጥርልኝ አራተኛው ላይ ድምጿ ተቆረጠ፣ እኔም ሦስት ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ነገ ሱፐርቫይዘሩን አስፈቅጄ መጀመሪያ እሷ ጋ ነው የምመለሰው።