ሊፈርስ የተሠራ ሕንፃ ይታደሳል? የያን ዳውከር ዞነስትራል

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ስለ ሆላንዳዊው አርክቴክት ያን ዳውከር ነው። ሂልቨርሰም ውስጥ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የነደፈው ዞነስትራል የተባለ ማገገሚያ በ1928 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በሽታው በ30 ዓመት ገደማ ይጠፋል፣ ሕንፃውም አብሮ ያበቃለታል ተብሎ ነበር የተሠራው። ሆኖም ዋናው ሕንፃ ብዙ ወጪ ወጥቶበት በ2003 ታድሶ አለቀ። ተገቢ ነበር?

መሐንዲሱ፦ አልነበረም። ዳውከር ኮንክሪቱን ሆን ብሎ አቅጥኖታል፤ ጫና በሚቀንስበት ቦታ ቢሙም (አግዳሚ ተሸካሚው) ይቀጥናል። የመስኮቱ ብረት ክር ያክላል። እንዲህ ያለ ግንባታ ውስጡ ያለው ፌሮ መዛጉ አይቀርም፣ ዛገም። ነዳፊው ራሱ ይብቃው ያለውን ሥራ ማደስ ኑዛዜ ማፍረስ ነው።

አርክቴክቷ፦ ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዳውከር መች ተናዘዘ? በ1935 ሲሞት ገና 44 ዓመቱ ነበር፤ ሕንፃው ሲያረጅ አላየም። ደግሞስ የእሱ ብቻ ነው እንዴ? ያሠራው የአምስተርዳም አልማዝ ሠራተኞች ማኅበር ነው። ሞራጆቹ አልማዙን የሚይዙበት የመዳብ ዘንግ አለ፤ ያረጀውን እየሰበሰቡ ሸጠው ለታመሙ ጓዶቻቸው ገንዘብ አዋጡ። በሽተኛው ሲያገግም ሥራ እንዲለምድ እዚያው ግቢ ውስጥ ወርክሾፕ ነበረው። የአርክቴክቱን ሐሳብ እናክብር ከተባለ የእነሱንስ ማን ያክብር?

ተማሪው፦ ፎቶና ፕላኑ አይበቃም? አምስተርዳም ያለው፣ ልጆች ንጹሕ አየር እያገኙ እንዲማሩ የተሠራው የዳውከር ክፍት አየር ትምህርት ቤት እስካሁን ልጆች ይማሩበታል፣ መጠገኑ ይገባኛል። ዞነስትራል ግን የሳንባ ሕሙማኑ ከሄዱ ቆይተዋል።

አርክቴክቷ፦ መድኃኒቱ ሲገኝ ወደ ጠቅላላ ሆስፒታልነት ተቀየረ እንጂ ወዲያው ባዶ አልቀረም። ከእድሳቱ በኋላም የጤና አገልግሎት ገብቶበታል።

መሐንዲሱ፦ እሺ እህቴ፣ ግን ምኑ ቀረ? ኮንክሪቱ ተጠግኗል፣ መስኮቱ ተቀይሯል። ቅጂ አይሉትም?

አርክቴክቷ፦ እድሳቱን የነደፉት አርክቴክቶች ሄንኬትና ደ ዮንገ ያገኙትን መስታወት ሁሉ ዝም ብለው አልገጠሙም። የዛሬው መስታወት ፍጹም ልሙጥ ነው፤ እነሱ በድሮው ዘዴ ከቀለጠው እየተሳበ የተሠራ፣ ፊቱ ትንሽ የሚዋዥቅ ፈልገው አመጡ። ግድግዳው በአብዛኛው መስታወት ስለሆነ ልሙጡ ቢገባ የሚያንጸባርቀው ሁሉ ይለወጥ ነበር።

መሐንዲሱ፦ እኔም የምለው እሱን ነው። ዳውከር በ2003 ቢኖር ከገበያው ቀላሉንና ርካሹን ያነሳ ነበር። ፈልጎ ማምጣቱ የእናንተ ናፍቆት ነው።