ድሬ ላይ ሒሳብ መክፈል ተከለከልኩ፤ ቅዳሜ ደግሞ ሐረር ሊወስዱኝ ነው

ማርቆሴው
ሰላም ቤተሰብ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ለሥራ ድሬዳዋ ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የማውቀው ሰው አልነበረኝም። በሁለተኛው ቀን ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ስጠጣ አጠገቤ ከተቀመጡ ሁለት ልጆች ጋር ወሬ ጀመርን። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። ቀፊራን አዞሩኝ፣ ለገሃርን አሳዩኝ፣ ደቻቱን ድልድይ እያለ በአሸዋው ላይ በእግር አሻገሩኝ። ውኃ የሌለው ወንዝ ስሻገር የመጀመሪያዬ ነው።

ችግሩ ሒሳብ ነው። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ "አቦ ተው!" ይላሉ። አንዴ ተደብቄ ለአስተናጋጁ ልሰጥ ስል "ከእንግዳ አልቀበልም" ብሎ መለሰልኝ። እሱም አደመብኝ!

ቅዳሜ ሐረር እንሄዳለን፤ የአንደኛው አክስት ጀጎል ውስጥ ምሳ ጠርታናለች። እንዴት አድርጌ ልክፈል? ደግሞ እነሱ ሙስሊሞች፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሥጋ ቢቀርብ ምን እላለሁ?

የቀፊራ ልጅ
በሥጋው አትጨነቅ። እኛ ጋ ሰርግ ሲኖር ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፤ ማንም አይቀየምም። አንተ ብቻ ዛሬውኑ ንገራቸው፤ ሰሃን ከቀረበ በኋላ ከሆነ ግን አክስት ታዝናለች።

ለክፍያው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ አጠገብ ተቀመጥ፤ ገና የደንገጎን ዳገት ሳትወጡ የሦስታችሁንም ስጠው። ጃኬት ያዝ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ማታ ይበርዳል።

ሳቢያን
ቦርሳህን ቤት ረስተህ ሂድ። ተገላገልክ 😂

የጀጎሏ
ቆይ፣ ሒሳብ ሒሳብ አትበልባቸው፤ ያስቀይማል። ባዶ እጅህን ብቻ አትግባ። ለአክስት ከድሬ ሙሸበክ (ጣፋጩን) ወይም ስኳርና ቡና ያዝላት።

የሐረሪ ቤት ከሆነ በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ውስጡ ነደባ የምንለው መደብ አለ፤ ከፍታውም ባለቤቱም የተለያየ ነው። ስለዚህ "እዚህ ቁጭ በል" እስክትባል ቁም! ከምሳ በኋላ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይውሰዱህ፤ ስሙ ከልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ልብስህን ቆመህ ይሰፉልሃል። የራምቦን (የፈረንሳዊውን ገጣሚ) ቤትም እይ፤ ሰውዬው ግን አልኖረበትም፣ እሱ ከሄደ በኋላ የተሠራ ነው።

ማርቆሴው
ተመለስኩ። ረዳቱ አጠገብ ተቀምጬ ከፈልኩ። አወዳይ ስንደርስ አንደኛው በሐረርኛ ይሁን በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለው፤ ረዳቱ እየሳቀ ብሬን መለሰልኝ። ሁለት ለዜሮ።

አክስት ቤት ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሙሸበኩን ሰጠሁ፤ ግድግዳው ሙሉ ስፌት ነው፣ ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረና… ሄጄ የአባወራው ነደባ ላይ ጉብ! ምክሩ ጭልጥ ብሎ ጠፋኝ። ቤቱ ፀጥ አለ። ከዚያ አክስት በሳቅ ፈነዳች፤ "ቤቱን ተረከብከው እንዴ ልጄ?" አለችኝ። ምሳው ለእኔ ሲባል ለሁላችንም የጾም ሆኖ ነበር፤ ሩዝ፣ የምስር ሳንቡሳ፣ ፉል። ሳንቡሳውን ስንት እንደበላሁ አልናገርም።

ማታ በባጃጅ ከግንቡ ውጭ ጅብ ወደሚመገብበት ሄድን። ሰውዬው አጭር እንጨት ላይ ሥጋ ሰቅሎ ሰጠኝና "ዝቅ በል" አለኝ። ጅቧ ከትከሻዬ በላይ አንገቷን አስግጋ ሥጋውን መነጨቀችው፤ ትንፋሿ ጆሮዬን ሞቀው። ዞር ብዬ ጓደኞቼን ስፈልግ ሁለቱም ባጃጁ ውስጥ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል! ለካ ምሥራቅ ተወልደው ጅብ ቀርበው አያውቁም።

ለሰውዬው የሦስታችንንም ከፈልኩ። "አቦ ተው!" ብሎ የወረደ አንድም አልነበረም።